ክሩዝ ኮንትሮሉ እምቢ ሲል

ክሩዝ ኮንትሮል ሹፌሩ የመረጠውን ፍጥነት ይዞ የሚዘልቅ ሥርዓት ነው። እግር ነዳጅ መስጫው ላይ ሳያርፍ፣ ዳገት ሲመጣ ነዳጅ ይጨምራል፤ ቁልቁለት ሲሆን ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚመላለስ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ረጃጅም ጎዳናዎች ላይ የሚነዳ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። አንድ ቀን ቁልፉ ተጭኖ መኪናው ዝም ሲል ግን ብዙዎች «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ወደሚል ድምዳሜ ይሮጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ ሥራውንም በደንብ እየሠራ ነው። አንድ ነገር «አይሆንም» ብሎታልና ይታዘዛል። ብልሽት ፍለጋ ማለት ያንን ከልካይ ማግኘት ነው።

ከገመድ ወደ ምልክት

የሐሳቡ ባለቤት ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ቲተር በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ ዓይነ ስውር ሆኗል። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የክራይስለር ኩባንያ በ1958 ሞዴል መኪናዎቹ ላይ መሣሪያውን ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። የያኔው ሥርዓት የራሱ ሞተርና የራሱ ገመድ ነበረው፤ ሲበላሽም የሚጠረጠረው እሱው ራሱ ነበር።

በዛሬዎቹ መኪናዎች ነዳጅ መስጫውን ከሞተሩ የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። የአየር ማስገቢያውን ክዳን የምትከፍተው አንዲት ትንሽ ሞተር ናት፤ ክሩዝ ኮንትሮልም የሚያዘው ያችኑ ነው። የራሱ ብቻ የሆነው መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ናቸው ማለት ይቻላል። የቀረውን ሁሉ ከፍሬኑ፣ ከፍጥነት መለኪያው፣ ከካምቢዮው ጋር ይጋራል። ይህ ለብልሽት ፈላጊ ትልቅ እርዳታ ነው፤ አንዱ የጋራ ክፍል ሲታመም ምልክቱ ሌላም ቦታ ላይ ይታያልና።

ኮምፒውተሩ «እሺ» ከማለቱ በፊት የሚያጣራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ዋናው ቁልፍ በርቷል? ፍጥነቱ ከዝቅተኛው ወሰን (በብዙ መኪናዎች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ) አልፏል? ፍሬን አልተረገጠም? ማርሹ ገብቷል፣ ፍሪሲዮን ያለው መኪና ከሆነም ፍሪሲዮኑ ተለቋል? በሞተሩ ላይ የተመዘገበ ከባድ ብልሽት የለም? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢጎድል መልሱ እምቢታ ነው።

መሣሪያ ከማንሳት በፊት

የመጀመሪያው ምርመራ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ዋናውን ቁልፍ ተጭነው ዳሽቦርዱን ይመልከቱ።

መብራቱ ጭራሹን ካልበራ፣ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አልሰማም ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ቁልፎቹ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ፊውዙ ይሄዳል። መብራቱ በርቶ ፍጥነቱ አልያዝ ካለ፣ ጥሪው ደርሷል፤ የጎደለው ፈቃድ ነው፤ ቀዳሚው ተጠርጣሪም ፍሬኑ ነው። ይዞ ከቆየ በኋላ በራሱ የሚለቅ ከሆነ፣ መቼ እንደሚለቅ ይመዝግቡ። መኪናው ሲናጥ ከሆነ የላላ ስዊች ወይም ሶኬት፣ መሪው ሲዞር ከሆነ ደግሞ መሪው ውስጥ ያለው ሽቦ ይጠረጠራል። የሞተር መብራት አብሮ ከበራ የተመዘገበውን ኮድ ማስነበብ ይቀድማል።

የፍሬኑ ስዊች

ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አንድ ትንሽ ስዊች አለች። በብዙ መኪናዎች ውስጧ ሁለት ኮንታክት አለ፤ ሁለቱም በተቃራኒው ይሠራሉ። ፔዳሉ ሳይረገጥ አንደኛው ክፍት፣ ሁለተኛው ዝግ ነው። ሲረገጥ አንደኛው ተዘግቶ የፍሬን መብራቱን ያበራል፤ ሁለተኛው ተከፍቶ ክሩዝ ኮንትሮሉን ያቋርጣል። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ቃል ያስተያያል። ካልተስማሙ ማንን እንደሚያምን ስለማያውቅ ለሕይወት የሚበጀውን ይመርጣል፤ ይከለክላል።

«የፍሬን መብራቴ ይበራል፤ ስለዚህ ስዊቹ ደህና ነው» የሚለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው። የመብራቱ መብራት የሚመሰክረው ለአንዱ ኮንታክት ብቻ ነው። ስዊቹን ነቅለው በመልቲሜትር ሁለቱንም ጥንድ ይለኩ፤ ጫፏ ሲገፋና ሲለቀቅ አንዱ ሲገናኝ ሌላው መቋረጥ አለበት። በሁለቱም ሁኔታ ያልተለወጠ ጥንድ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ፔዳሉ ተለቆ የፍሬን መብራቱ አልጠፋ ይላል። በአንዳንድ መኪናዎች የስዊቹን ጫፍ የሚገፋው ፔዳሉ ላይ የተሰካ ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ ነው። በዕድሜ ብዛት ተሰባብሮ ሲወድቅ፣ በቦታው የቀረው ቀዳዳ ስዊቹን አይገፋትም፤ መኪናውም ፍሬኑ ሁልጊዜ እንደተረገጠ ያስባል። ምንጣፉ ላይ የፕላስቲክ ስብርባሪ ማየትና ጠዋት ባትሪው ወድቆ ማግኘት የዚህ ብልሽት ምልክቶች ናቸው።

መሪው ውስጥ ያለው ሽቦ

መሪው ላይ ያሉት አራት ያህል ትእዛዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፉት በአንድ የምልክት ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የተለያየ ሬዚስታንስ አለው፤ ኮምፒውተሩም የበሩን አንኳኳት ሰምቶ እንግዳውን እንደሚለይ የቤት ሰው፣ በሽቦው ላይ ከሚያነበው ቮልቴጅ ማን እንደተጫነ ያውቃል። በብዙ ቶዮታዎች ምንም ሳይጫን ከ10,000 ኦም በላይ ይነበባል። ዋናው ቁልፍ ሲጫን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ፍጥነት መመለሻው 240፣ ፍጥነት መያዣው 630፣ መሰረዣው 1,540 ኦም አካባቢ ናቸው። በሌላ ሥሪት ቁጥሮቹ ይለያያሉና የመኪናውን የጥገና መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። መያዣው ላይ 630 መሆን የነበረበት 900 ቢያሳይ፣ ቁልፉ «ይሠራል»፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። የቆሸሸ ኮንታክት የሚፈጥረው ይህንን ነው።

መሪው ስለሚሽከረከር ሽቦዎቹ የሚያልፉት በጥቅልል መልክ በተሠራ ስስ ገመድ በኩል ነው። የክላክሱና የኤርባጉ መስመርም በዚያው ያልፋል። ክሩዝ ኮንትሮሉ ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮ ክላክሱም ዝም ካለ ወይም የኤርባግ መብራት ከበራ፣ ሦስቱም የሚገናኙት እዚህ ጥቅልል ላይ ነውና ሌላ ቦታ መድከም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የመሪውን ሽፋን መንቀል ኤርባጉን መንካት ነው። ሥራው የባለሙያ ነው፤ ባለሙያውም የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ቀለም ያላቸውን የኤርባግ ሶኬቶች በመልቲሜትር መለካት ክልክል ነው፤ ከሜትሩ የምትወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ኤርባጉን ልታፈነዳው ትችላለች።

ሜትሩ ሲያታልል

መልቲሜትር ያየውን ይናገራል፤ የሚያየው ግን ከፊሉን ነው። አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ 3.5 ይሆናሉ። በመንገዱ ላይ 1 ኦም የሚሆን የዛገ መገጣጠሚያ ቢኖር 3 ቮልት ያህል እዚያው ይቀራል፤ አምፖሎቹም ይደበዝዛሉ። አምፖሎቹን ነቅለው ያንኑ ሽቦ ቢለኩ ግን ሜትሩ ሙሉውን 12.6 ቮልት ያሳያል። ሜትሩ ራሱ ከቁጥር የማይገባ አምፔር ስለሚስብ ዝገቱ ምንም አይወስድበትም።

ስለዚህ ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚለካው መብራቱ በርቶ እያለ ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ በሽቦው መነሻ፣ ሌላውን በመድረሻው ያደርጋል። ጤነኛ ሽቦ ላይ ንባቡ ከግማሽ ቮልት በታች ይሆናል። ከዚያ ከበለጠ ሌባው በሁለቱ ጫፎች መካከል አለ፤ ርቀቱን እያሳጠሩ መሄድ ብቻ ነው። ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘውን የኔጋቲቭ መስመር በዚሁ መንገድ መፈተሽ አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ስካነሩ የሚለውና የማይለው

በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው ባለ 16 እግር የምርመራ ሶኬት ዛሬ በአብዛኛው መኪና ከመሪው በታች ይገኛል። ለክሩዝ ኮንትሮል ቅርብ የሆኑ ኮዶች አሉ፤ ፒ0571 ስለ ፍሬን ስዊች፣ ፒ0504 ስለ ሁለቱ ኮንታክቶች አለመስማማት፣ ፒ0500 ስለ ፍጥነት መለኪያ ይናገራሉ። ኮዱ የሚጠራው አካባቢን ነው። «ፒ0571» ማለት «ስዊቹን ቀይር» ማለት አይደለም፤ ስዊቹ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ ፊውዙ ሁሉም በዚያ ስም ውስጥ ይኖራሉ።

ከኮዱ ይልቅ የሚጠቅመው ስካነሩ በቀጥታ የሚያሳየው ንባብ ነው። ፍሬኑን እየረገጡና እየለቀቁ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያይ ይመልከቱ፤ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞሩ ቁልፎቹን ይጫኑ። ከልካዩ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያጋልጠው እዚህ ነው።

ፊውዝና እሳት

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ ሥራው አላለቀም፤ ያቃጠለው ነገር አለ። በተለይ በትልቅ ፊውዝ መተካት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። የፎርድ ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ማስተማሪያ ይሆናል። በአንዳንድ የፎርድ መኪናዎች ክሩዝ ኮንትሮሉን የምታቋርጠው ስዊች የፍሬን ዘይት ግፊት ላይ የተገጠመች ነበረች፤ ቁልፍ ወጥቶም ከባትሪ ኤሌክትሪክ ይደርሳት ነበር። ዘይቱን ከኮንታክቱ የሚለየው ስስ ሽፋን ሲሰነጠቅ ዘይቱ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ስዊቹ ይግላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ መኪናም ይነድዳል። ኩባንያው ከ1999 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባደረጋቸው ተደጋጋሚ ጥሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪናዎችን እንዲታረሙ አድርጓል። ከታዘዙት እርማቶች አንዱ ፊውዝ ያለበት ተጨማሪ ሽቦ በመስመሩ ላይ መግጠም ነበር።

ስዊችን በሽቦ አገናኝቶ «ማለፍም» አይፈቀድም። የፍሬኑ ኮንታክት በሽቦ ከታለፈ ክሩዝ ኮንትሮሉ ይሠራል፤ ነገር ግን ፍሬን ሲረገጥ ለማቆም የተሠራለት አንዱ መንገድ ተዘግቷል።

ለጋራዡ የሚነገረው

ይህን ሁሉ በእጅዎ ባይሠሩትም፣ ያስተዋሉትን መናገር ገንዘብ ያድናል። «ክሩዙ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «መብራቱ ይበራል፣ ፍጥነት አይዝም፣ ክላክሱ ይሠራል፣ የፍሬን መብራቱ በትክክል ይበራል ይጠፋል» ቢሉ፣ ሰውየው ከግማሽ መንገድ ይጀምራል። «ይህ ዕቃ መቀየር አለበት» ሲባሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ሲለኩት ስንት አሳየ? ስንትስ መሆን ነበረበት?» ሁለቱንም ቁጥር የሚነግርዎ ባለሙያ ከልካዩን አግኝቶታል። ቁጥር የሌለው መልስ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍሉት ግን እርስዎ ነዎት።