የጁናይድ ጀማል የማስተማር መንገድ ከራያ ቆቦ ጭፈራ አንጻር

በራያ ቆቦ ቆላ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ የሶለል ጨዋታ ሲደርስ፣ ለልጃገረዶቹ ጭፈራ እንዲያስተምር የሚመደብ ሰው የለም። ታናናሾቹ ታላላቆቹን ተከትለው፣ ከበሮውን እየሰሙና ዘፈኑን እየተቀበሉ ይለምዱታል። ጭፈራው ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሠልጣኙ የራያን ዝላይ፣ የእግር ምትና የዱላ አያያዝ በቁጥር ከፋፍሎ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲፈጽመው ያደርጋል። እንቅስቃሴው ይጠራል፤ ጨፋሪው ለጓደኛው የሚሰጠው ምላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ምላሹን ሳያጠፉ ውዝዋዜን በልምምድ አዳራሽ ማስተማር ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ የአዲስ አበባው ተወዛዋዥና ኮሪዮግራፈር የጁናይድ ጀማል ሰንዲ የሙያ ጉዞ ጠቃሚ ማስረጃ ይሰጣል።

ጁናይድ የሠለጠነው በአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር ነው። የአዱኛ መነሻ፣ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 ከአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችና ከችግረኛ ቤተሰብ ከመጡ ወጣቶች ጋር ያዘጋጀው «ካርሚና ቡራና» የተሰኘ የዳንስ ሥራ ነበር። ማልዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቴክኒክ ብቃትን ሳይሆን ዝምታንና ትኩረትን ነው። በርሊን ውስጥ ከ250 ያህል ወጣቶች ጋር የሠራውን ሥራ የሚያሳየውና እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሪዝም ኢዝ ኢት!» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ይህን ደጋግሞ ያስመለክታል፤ ወጣቶቹ ከእንቅስቃሴ በፊት ጸጥ ብለው መቆምን ይማራሉ።

በአዱኛ ያስተማረው ሌላው ባለሙያ አዳም ቤንጃሚን ነው። ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1991 አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ተወዛዋዦች በአንድነት የሚሠሩበትን ካንዱኮ የተባለ ቡድን ከሴሌስት ዳንዴከር ጋር የመሠረተ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ «እኔን አስመስሉ» የሚል መምህር ሥራው ገና ሲጀመር ይቆምበታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተማሪ የቆመውን ተማሪ እግር አይደግምምና። ስለዚህ መምህሩ የሚሰጠው የተዘጋጀ ርምጃ ሳይሆን ተማሪው በራሱ አካል የሚመልሰው ጥያቄ ይሆናል። ጁናይድ በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2005 አብሮት የሠራው ጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራም ሥልጠናውን የሚያቆመው በአተነፋፈስ ላይ ነው።

ሦስቱም መምህራን ርምጃን የትምህርት መጀመሪያ አላደረጉም። ጁናይድ ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር በአዲስ አበባ በመሠረተው ዴስቲኖ ዳንስ ካምፓኒ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ወጣቶች አብረው መሠልጠናቸው የዚሁ ውርስ ቀጣይነት ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ዓይነት ርምጃ ሊመዘኑ ስለማይችሉ፣ መመዘኛው እርስ በርስ መደማመጥ ይሆናል። የሶለል ታናናሽ ልጃገረዶችም የሚለምዱት ይህንኑ ነው።

ይሁንና ዘዴው እንዳለ ወደ ቆቦ ሊወሰድ አይችልም። የማልዱም ዝምታ ለቲያትር አዳራሽ የተበጀ ነው። በራያ ጭፈራ ግን ጨፋሪው ዘፈኑንም ይቀበላል፤ ጭብጨባውና እልልታው የእንቅስቃሴው አካል እንጂ አጀብ አይደለም። ዝም የተባለ የራያ ጨፋሪ ግማሽ ሥራውን ተነጥቋል። ለቆቦ የባህል ቡድን አሠልጣኝ ይበልጥ የሚቀርበው የቤንጃሚን መንገድ ነው፦ ዝላዩን በቁጥር ከመስጠት ይልቅ ዱላ የያዙ ሁለት ወጣቶችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ ከበሮውን እያስመታ፣ አንዱ ለዘለለው ሌላው በራሱ ዝላይ እንዲመልስ ማድረግ።