የት አድሮ ይማር? የመኖሪያ ቤትና የትምህርት ዕድል ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መጀመሪያ ሐይቅ ትገኛለች። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ በ1881ዱ ውል ስሟ የሚነሳው ውጫሌ፣ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ትመጣለች። በሁለቱም ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። መንገድ ዳር የተወለደ ልጅ ከእናቱ ቤት ቁርሱን በልቶ ክፍል ይገባል። ከአምባው ማዶ ወይም ከገደሉ ሥር የተወለደው ግን ስምንተኛ ክፍልን እንዳለፈ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይመጣበታል፤ የት አድሮ ይማር?

ስለ ትምህርት እኩልነት ሲነሳ መምህሩ፣ መጽሐፉና ፈተናው ይወራሉ። ማደሪያው ግን ይዘነጋል። መንግሥት መሬትና ቤት የሚያስተዳድርበት መንገድ፣ ሰው የሚሰፍርበትና የሚነሳበት ሁኔታ የልጆችን የትምህርት ዕድል እንዴት እንደሚወስን እንመልከት።

ማደሪያ የትምህርት አካል በነበረበት ዘመን

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተምሩ ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ የሚያድርበት ነበረው፤ ገዳሙ ትምህርት ቤትም መኖሪያም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የቆሎ ተማሪም ከጉባኤው አጠገብ ጎጆውን ቀልሶ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እየለመነ ዜማውንና ቅኔውን ይማር ነበር።

በሙስሊሙም ወገን ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነበር። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ባሉ የወሎ ዛዊያዎች፣ ማለትም የእስልምና የእውቀት ማዕከላት፣ ደረሳው ከሸሁ ዘንድ ያድራል፤ የአካባቢው ሕዝብም ያበላዋል። ከሩቅ የመጣን ተማሪ ማሳደር እንደ ጽድቅ ሥራ ይታይ ነበር። ሁለቱም ሥርዓቶች ግን በአብዛኛው ወንዶችን የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ሴት ልጅ ከዚህ ማደሪያ እምብዛም ድርሻ አልነበራትም። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ክፍሉንና መምህሩን ይዞ መጣ፤ የማደሪያውን ነገር ለየቤተሰቡ ተወው።

መሬትና ቤት በአዋጅ

በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች የአገሪቱን አሰፋፈር ቀየሩት። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ሐምሌ 19 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ ገባ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። በዚህ የተነሳ በከተማ እምብርት ብዙ ድሃ ቤተሰብ በአነስተኛ ኪራይ መኖር ቻለ። በአዲስ አበባ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ተፈሪ መኮንንና እቴጌ መነን ያሉ አንጋፋ ትምህርት ቤቶች ያሉት በዚያው በመሃል ከተማና በዙሪያው ነው። የቀበሌ ቤት ልጅ ጣሪያው ቢያፈስበትም በእግሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት አላጣም።

ወሎን የነካው ሌላው ፖሊሲ ሰፈራው ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል፣ ጋምቤላና ከፋ ሲሰፍር ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። ይህ ታሪክ ዛሬም አልተዘጋም፤ ከታች እመለስበታለሁ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ከወላጁ ማሳ ላይ ቁራሽ ካልተቆረሰለት በቀር መሬት የለውም። በአምባሰል ተዳፋት ላይ ያለ ገበሬ ልጁን ለማስተማር የሚጓጓው ለዚህ ነው። ትምህርቱ ያልሰመረላቸው፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ቁጥራቸው ብዙ ነው። እናም የትምህርት መቋረጥ ለደቡብ ወሎ ቤተሰብ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የስደት መጀመሪያ ይሆናል።

የተማሪዋ ክፍል

የገጠር ተማሪ በወረዳ ከተማ የሚከራያት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በአከራዩ ግቢ ጓሮ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ሦስት ወይም አራት የአንድ አገር ልጆች ኪራዩን ይካፈላሉ። አንድ ፍራሽ ለሁለት ይበቃል። በአንዱ ጥግ የውኃ ጀሪካንና የከሰል ምድጃ፣ በሌላው የስንቅ ከረጢት ይቀመጣል። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮውና በርበሬው ከቤተሰብ ይመጣል፤ ተማሪው በሳምንቱ መጨረሻ ሄዶ ተሸክሞ ይመለሳል፣ አለዚያም ለገበያ ከመጣ ዘመድ ይቀበላል። መብራቱ የአከራዩ ቆጣሪ ላይ ስለሆነ ሲመሽ «አጥፉ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ምግብ ማብሰሉ፣ ውኃ መቅዳቱና ልብስ ማጠቡ የራስ ነው። ሥራው ከሴቶች ልጆች ላይ ይበረታል፤ ወላጅም ሴት ልጁን ብቻዋን ለማሳደር ይሰጋል። ስጋቱ ሲያይል «ትዳር ይሻላታል» የሚል ምክር ይከተላል።

ኪራዩ የሚጸናው በቃል ነው። ዋጋው መስከረም ላይ፣ ተማሪ ሁሉ ቤት በሚፈልግበት ሰሞን ይቆረጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። የታሰበው ግን የከተማው ቤተሰብ ነው። ለአንድ የትምህርት ዘመን ተከራይታ ክረምት ላይ ወደ እርሻ የምትመለስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ ሕግ ጥላ ሥር እምብዛም አትገባም።

የአዲስ አበባ ዕጣ

በቤት ፖሊሲና በትምህርት መካከል ያለውን ትስስር አጉልቶ የሚያሳየው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ነው። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው ተጀመረ፤ ቤቱም በዕጣ ይሰጥ ጀመር። በኋላ በወጡት ዕጣዎች 30 በመቶው ለሴቶች ተመደበ። መርሐ ግብሩ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ያነጻጸሩ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ የባለዕድለኞቹ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ወደ ከፍተኛ ትምህርት የመዝለቅ ዕድላቸው ከፍ ማለቱን አግኝተዋል። ብዙ ባለዕድለኞች ቤቱን አከራይተው የሚኖሩ በመሆናቸው፣ ቤት ጥሪትም እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

የሚነሳው ሰው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካሳንቺስ ለኮሪደርና ለመልሶ ማልማት ሲባል ነዋሪዎች ተነስተው ገላን ጉራን ወደመሰሉ ዳርቻዎች ሄደዋል። የተሻለ ግድግዳና የራስ መጸዳጃ ያገኙ አሉ። ያም ሆኖ ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ሲቀይር፣ እናቱ ከጉሊቷ፣ እርሱም ከሚያውቁት መምህራንና ከጓደኞቹ ይለያል። የመነሻው ቀን ከትምህርት ካሌንደሩ ጋር እንዲጣጣም ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የውጭው ልምድ

በአሜሪካ ጉዳዩ ለአሥርት ዓመታት ተጠንቷል። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮልማን ሪፖርት ከትምህርት ቤቱ ቁሳቁስ ይልቅ የልጁ ቤተሰብና አብረውት የሚማሩት ልጆች ሁኔታ ውጤቱን እንደሚወስን አሳየ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስት ከተሞች ድሃ ቤተሰቦች በዕጣ ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲሄዱ ተደረገ። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ላውረንስ ካትዝ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ13 ዓመታቸው በፊት የተዛወሩት ልጆች አድገው ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ያህል በልጧል። በጉርምስና ዕድሜ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም።

እዚያ የትምህርት ቤቱ በጀት ከሰፈሩ የቤት ግብር ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ በጀቱ በወረዳው በኩል ይመጣል፤ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ተጨማሪ ክፍል የሚሠራው በወላጅ መዋጮና በተወላጆች እርዳታ ነው። መንገዱ ቢለያይም ውጤቱ ይመሳሰላል፤ አቅም ያለው ቀበሌ የብሎኬት ክፍል ሲያቆም ሌላው በጭቃ ክፍል ይቀራል።

ጦርነትና መፈናቀል

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲደርስ ደሴም ሐይቅም ውጫሌም ከመከራው አላመለጡም፤ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ከዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከክፍል አስቀርቷል።

በሐይቅ አቅራቢያ ጃሪ የተፈናቃዮች መጠለያ አለ። በውስጡ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከእነዚህም በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የሄዱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙበታል። ያኔ የተወሰነ የአሰፋፈር ውሳኔ ከ40 ዓመት በኋላ በድንኳን የሚያድር ተማሪ ሆኖ ተመልሷል። በሕጻናት ትምህርት ላይ የሚያደርሰው ጫና ያልተመዘነ የሰፈራም ሆነ የማንሳት ዕቅድ ዕዳው ለትውልድ ይተርፋል።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ቆጠራ ነው። ወረዳዎች ስንት ተማሪ በኪራይ እንደሚያድር ከትምህርት ቤት ምዝገባ ጋር መመዝገብ ይችላሉ። ቀጥሎ፣ የከተማ ፕላን ለገበያና ለመናኸሪያ ቦታ እንደሚመድብ ሁሉ ለተማሪ ማደሪያ፣ ከሴቶችም ጀምሮ፣ ቦታ ይመድብ። ክልሎች የከፈቷቸው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ጥቂቶች ያሳድራሉ፤ ከአምባው የምትመጣው መካከለኛ ተማሪም ጣሪያ ያስፈልጋታል። የኪራይ ሕጉ ለትምህርት ዘመን የሚሆን አጭር ውል ይኑረው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ራቅ ባሉ ቀበሌዎች ይከፈት። በአዲስ አበባ የተለመደው የተማሪዎች ምገባም ስንቅ ተሸክሞ ለሚመጣው ልጅ ይድረስ።

ሐይቅ ለተማሪ ማደሪያ የመስጠት ታሪኳ የብዙ መቶ ዓመታት ነው። ገዳሙም ዛዊያውም ያስተማሩትን ያሳድሩ ነበር። ሁሉም ልጅ የመማር መብት አለው ያለ መንግሥት ከዚህ ያነሰ ኃላፊነት ሊወስድ አይገባም።