ቱሊፕ ለምን ትመለሳለች? ለምንስ ትቀራለች?

የዶክትሬት ትምህርቴን በኔዘርላንድስ አጠናቅቄ ስመለስ ከመጻሕፍቴ ጋር አሥር የቱሊፕ ኮረቶችን ይዤ መጣሁ። ኮረት የምለው ሽንኩርት የሚመስለውን፣ ምግብ የሚከማችበትን የተክሉን የከርሰ ምድር ክፍል ነው። ሦስት ወር ያህል በማቀዝቀዣ አቆይቼ በጥር ወር አዲስ አበባ በእናቴ ግቢ ተከልኳቸው። በመጋቢት አበቡ፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። በተከታዩ ዓመት ግን ከአንድ ሁለት ቅጠል በቀር ምንም አልታየም። እናቴም "ልጄ፣ ምን ብናስቀይማት ነው ያልተመለሰችው?" ሲሉ ጠየቁኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄያቸው መልስ መስጠት ነው።

እናቲቱና ልጂቱ

በየዓመቱ የምታብበው ቱሊፕ ያችው የአምናዋ አይደለችም። ኮረቷ ያከማቸችውን ስታርች ግንድ፣ ቅጠልና አበባ ለማውጣት አሟጥጣ ትከስማለች። በዚያው ጊዜ በንብርብር ልጣጮቿ መካከል ያሉት እንቡጦች አድገው አዳዲስ ኮረቶች ይሆናሉ። ስለዚህ "ተመለሰች" የምንላት ልጂቱን ነው። የልጂቱን ስንቅ የሚያዘጋጁት አበባው ከረገፈ በኋላ በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ የሚሠሩት ቅጠሎች ናቸው። በመሆኑም አበባው ሲጠወልግ እሱን ብቻ ቆርጦ፣ ቅጠሉን ቢጫ እስኪሆን ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል መተው ያስፈልጋል። ቅጠሉን ቀድሞ የቆረጠ ሰው የከርሞውን አበባ ቆረጠ ማለት ነው።

የተራራው ልማድ

ብዙዎቹ የቱሊፕ ዝርያዎች የሚገኙት በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻንና በፓሚር ተራሮች አካባቢ ነው። በዚያ የብርዱ ወቅት ረጅም፣ ሞቃቱም ወቅት ደረቅ ነው። በደረቁና በሞቃቱ ወራት በኮረቷ ውስጥ የቀጣዩ አበባ ጽንስ ይፈጠራል። በብርዱ ወራት ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ግንዱም ለመርዘም ይዘጋጃል። ለዚህም ከ12 እስከ 16 ሳምንታት የሚዘልቅ፣ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል።

ካሮሉስ ክሉሲየስ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት አፀድ የተከላቸው ቱሊፖች እ.ኤ.አ. በ1594 አብበዋል። በዚያ አገር ብርድ አይጎድልም፤ የሚያስቸግረው በሞቃቱ ወቅት የሚጥለው ዝናብ ነው። ስለዚህ አምራቾቹ ኮረቱን በሰኔና በሐምሌ ቆፍረው በደረቅ መጋዘን ያቆዩታል፤ በጥቅምትና በኅዳር መልሰው ይተክሉታል። ዝነኛው የኪውከንሆፍ መናፈሻ እንኳ መመለሷን አይጠብቅም፤ በየዓመቱ ሰባት ሚሊዮን ያህል ኮረቶች እንደ አዲስ ይተከሉበታል። በግቢው እንድትመለስለት የሚሻ ግን እንደ አፔልዶርን ያሉትን የዳርዊን ዲቃላዎች ወይም እንደ ታርዳ ያሉትን የዱር ዝርያዎች መርጦ፣ ውኃ በማይቋጥር መሬት ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አጥልቆ ይተክላል።

የቀን ሞገድና የዓመት ሞገድ

አንባቢ "የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትስ አይበርድም ወይ?" ይል ይሆናል። መልሱ ያለው ከፊዚክስ ዘንድ ነው። የቀንና የሌሊት የመጠነ ሙቀት ለውጥ እንደ ሞገድ ወደ አፈሩ ሲወርድ፣ እንደ አፈሩ ዓይነትና እርጥበት ቢለያይም፣ በየ12 ሴንቲሜትሩ ገደማ ወደ 37 በመቶው ይቀንሳል። በገጸ ምድር ልዩነቱ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በ20 ሴንቲሜትር ጥልቀት 4 ዲግሪ አይሞላም። ስለሆነም ኮረቷ የሌሊቱን ብርድ እምብዛም አታውቀውም፤ የምታውቀው 16 ዲግሪ ለሚጠጋው የከተማዋ አማካይ የቀረበውን ነው። በዓመት አንዴ የሚመላለሰው ሞገድ ግን ቀርፋፋ በመሆኑ 19 እጥፍ ያህል ጠልቆ ይገባል። በላይደን ብርዱ ኮረቷ ድረስ የሚዘልቀው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ የዓመት ሞገድ ነው። በዚያ ላይ ዝናባችን የሚወርደው ኮረቷ ድርቀት በምትሻበት ወቅት ነው።

ምን ይደረግ?

መሞከር የሚፈልግ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ክረምት ሳይገባ ኮረቱን ቆፍሮ ያውጣ፤ እስከ ጥቅምት ነፋሻና ደረቅ ስፍራ ያኑር፤ ከዚያም በማቀዝቀዣ አቆይቶ በጥር ይትከል። በማቀዝቀዣው ውስጥ ሙዝና ፖም አብረው አይቀመጡ፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ የአበባውን ጽንስ ያጨነግፋል።

እኔም ሌሎች አሥር ኮረቶች አስመጥቼ በዚህ መንገድ ሞከርኩ። በሁለተኛው ዓመት አራቱ ብቻ አበቡ፤ አበባቸውም ከአምናው ያነሰ ነበር። እናቴ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው "እንኳን ደህና መጣችሁ" አሏቸው።