ፎሌ ናፍጣ አይቆጥብም

ሰሞኑን ሞጣ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ወጣት ሾፌር ከስልኩ ላይ ያየውን ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁ፦ «አሮጌ ፒካፕ ኮምፒውተር የለውም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተህ ፎሌ ካላደረግኸው ናፍጣ ይጨርስሃል።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻዬ እዚያው ቀዘቀዘ።

ኮምፒውተር እንደሌለው እውነት ነው። የቀረው ተረት ነው።

የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ፣ አየርን በመጭመቅ ብቻ እንደሚያቀጣጥል ስለሚታወቅ ልለፈው። ጉዳዩ ያለው የናፍጣ ፓምፑ ውስጥ ነው። ባለ 2ኤልና ባለ 3ኤል ሞተር የሆኑት አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፖች ፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ብረቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን፣ ማሳ ጠባቂ ልጅ እንደሚያዞረው ወንጭፍ ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ ሲለጠጡም ናፍጣ የሚመጥነውን ቀለበት ገፍተው መጠኑን ያስቀንሳሉ። ከወዲያ በኩል የሚታገላቸው ሞላ ነው፤ እሱን የሚወጥረው ደግሞ የሾፌሩ እግር። ሚዛን ነው በሉት፦ በአንዱ ሳህን ፍጥነት፣ በሌላው እግር። ሾፌሩ ማርሽ ሳያወጣ እግሩን ሲያነሳ ሞላው ይላላል፤ ጎማው ግን ሞተሩን በግድ እያሽከረከረው ነው። ብረቶቹ ያሸንፋሉ፣ ናፍጣው ይቋረጣል። ጠብ አይልም! ፎሌ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቁልቁለቱን ሙሉ ናፍጣ ይጠጣል።

(ማርሽ ሳያወጡ እግር አንስቶ መውረድን «የሞተር ፍሬን» ማለት አልወድም፤ ትልልቅ መኪኖች ላይ የጭስ መውጫውን የሚያፍን ሌላ መሣሪያ ስላለ ይምታታል። «በማርሽ መያዝ» ይሻላል።)

ከናፍጣው ሌላ የፍሬኑም ነገር አለ። አሁን ከቢቸና ጤፍ የጫነ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 2,500 ኪሎ የሆነ ፒካፕ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ እናስብ። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሲሰላ ወደ 32 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ብዙም አያንስም። አምስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ያፈላል። ፎሌ ያደረገ ሾፌር ይህን ሁሉ፣ ነፋስ ከሚወስደው በቀር፣ አራት ፍሬኖች ላይ ይጥደዋል። የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ ያቅተዋል፤ ዘይቱ እርጥበት የጠጣ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሞተሩንም ያጠፋ እንደሆነ የፍሬን ማገዣው አየር የሚመጥለት ፓምፕ ይቆማል፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ነው።

የፍሬን ሰዎች «ሸራ ከሞተር ይረክሳል» ይሉኛል። እኔ የሞተር ሰው ስለሆንኩ አዳላለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ግማሽ እውነት አላቸው። በማርሽ መያዝ ወሰን አለው፦ ናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያውን ስለማይዘጋ የተጨመቀው አየር መልሶ ይገፋል፤ አያያዙ ከቤንዚን ሞተር ይላላል። ስለዚህ ሁለተኛ ማርሽ ካልሆነ ብዙ አይረዳም፣ ማርሹም መግባት ያለበት ከቁልቁለቱ በፊት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ በግድ ማስገባት ሞተር ይሰብራል። ለስለስ ባለ ተዳፋት ላይ ደግሞ ፎሌ ትንሽ ናፍጣ ሊያተርፍ ይችላል፤ ይህን አልክድም። የዓባይ በረሃ ግን ለስላሳ ተዳፋት አይደለም።

ድልድዩ ጋ አንድ ረዳት የኋላ ጎማ ሥር ተንበርክኮ በሃይላንድ ውሃ ሲያፈስ አይቻለሁ። ውሃው መሬት ሳይደርስ እንፋሎት ሆነ። የጋለ ታምቡር በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል ብዬ ስነግረው፣ ቀና ብሎ «ታዲያ ምን ላርግ፣ አይይዝም እኮ!» አለኝ። ማርሹን አየሁት፤ ፎሌ ላይ ነው።