ዘመነ ማርቆስ፣ 2014 ዓ.ም. በላሊበላ

7,514ን ለአራት ያካፍሉ፤ ሁለት ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ዘመኑ የማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ የማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ የሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ የዮሐንስ። 7,514 የተገኘው ዓመተ ምሕረቱ 2014 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5,500 ዓመተ ዓለም ተደምሮበት ነው። እንግዲህ 2014 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። ይህን ለማወቅ መብራትም ኔትወርክም አያስፈልግም። በዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን ላሊበላ ሁለቱም አልነበሯትም።

ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ የገባችው ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ይቆማል፤ ወፍጮ ቤት ሲቆም እህል ያለውም ሰው እህሉን እያየ ይቸገራል። ቀድሞም በኮሮና ቱሪስት የራቃት ከተማ ናት። አስጎብኚው፣ ሆቴል ቤቱ፣ በቅሎ አከራዩ ከጦርነቱ በፊት ኪሳቸው ሳስቶ ነበር።

ስለዚህ ዓመት የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ዜናው ሁሉ ቀን በቁጥር ይይዛል፤ ያውም በፈረንጆቹ። የላስታ ሰው ግን አንድ ነገር መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ «የማርያም ዕለት»፣ «የመድኃኔ ዓለም ማግስት» ብሎ ነው የሚመልስ። ወሩ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ስምንት አማኑኤል ነው። እነዚሁ ስሞች በከተማዋ ከአለት ተፈልፍለው ቆመዋል፦ ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ አማኑኤል። ላሊበላ ላይ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ በእግር ይዞሩበታል። እኔም ዓመቱን በዚያው ቆጠራ ላስተዋውቅ።

መጀመሪያ ግን ቆጠራው ራሱ ምን እንደሆነ። ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን ድርሰቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ትሰጣለች። መስከረም 1፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ ሊቃውንቱ የዓመቱን ወንጌላዊ፣ አጽዋማቱንና በዓላቱን ለሕዝቡ የሚያውጁት በዚህ ስሌት ነው። የ2014ን እንሞክረው። ከ7,514 ላይ አንድ ይቀነስና ቀሪው ለ19 ይካፈላል፤ ስምንት ይተርፋል። ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ቢያባዙት 88፤ በሠላሳ ሲገደፍ 28፤ አበቅቴው ይህ ነው። ወንበሩን በ19 ቢያባዙት 152፤ በሠላሳ ሲገደፍ 2፤ መጥቅዑ ይህ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ መሙላት አለባቸው። እነሆ 28 እና 2። ተማሪው የተሳሳተ እንደሆነ እዚህ ላይ ይያዛል።

መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 2 ይውላል። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ የማክሰኞ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 5 ነው። 2 እና 5 ሰባት። መባጃ ሐመሩ ይህ ነው፤ ነነዌ የካቲት 7 ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፦ ሰባት ላይ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 21፤ ሰባት ላይ 9 ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 16። ከዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ሌላው ምንም አልታወቀም ነበር።

ዓመትን ስም አውጥቶ መጥራት የኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች ዓመቱን በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይጠሩታል፤ የፈረንጆቹ 2021 ለእነሱ ሬይዋ 3 ነው። ደግሞም በየዓመቱ መጨረሻ ኪዮቶ ከተማ፣ ኪዮሚዙ በተባለው መቅደስ፣ የመቅደሱ አለቃ በትልቅ ብሩሽ አንድ ፊደል ይጽፋሉ፤ ዓመቱን ይገልጸዋል ተብሎ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ፊደል ነው። እኛ ስሙን ዓመቱ ሲገባ እናወጣለን፣ እነሱ ሲወጣ። የ2021ዱ ፊደል «ወርቅ» ሆነ፤ ምክንያቱም የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። ከወርቆቹ አንዱ የኛ ነበር፦ ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ሐምሌ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ላሊበላ በስድስተኛው ቀን ተያዘች። ሐምሌ 29፣ በዓለ ወልድ።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 መንግሥት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የጊዮርጊስ ዕለት። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ነበር፤ ወሎ ከላይ እስከ ታች ጦር ሜዳ ሆነ። ኅዳር 22፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት፣ ላሊበላ በመንግሥት ጦር እጅ መመለሷ ተነገረ። ደስታው ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው። ታኅሣሥ 3፣ በዓታ ለማርያም በሚከበርበት ዕለት፣ የህወሓት ኃይሎች ተመልሰው ገቡ። በማግስቱ ነው ኪዮቶ ላይ ያ «ወርቅ» የተጻፈው። ለገና ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀር ከተማዋ እንደገና በመንግሥት ጦር እጅ ገባች። አንድ ከተማ በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ እጅ ስትቀይር ነዋሪዋ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል፤ እኔ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ገናን ግን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 29 በላሊበላ ድርብ በዓል ነው፤ የጌታ ልደት ነው፣ እንደ ትውፊቱም የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት ነው። በዓሉ የሚከበርበት ቤተ ማርያም ከመሬት ወለል በታች የተፈለፈለ ስለሆነ ግቢው እንደ ጕድጓድ ነው፤ ዙሪያው ቀጥ ያለ የአለት ግድግዳ። የግድግዳው ጫፍ ማሜ ጋራ ይባላል። ካህናቱ ከሁለት ይከፈላሉ። እኩሌቶቹ ማሜ ጋራ ላይ በጫፉ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ እነዚህ የመላእክት ምሳሌ ናቸው። እኩሌቶቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ፤ እነሱ እረኞቹ ናቸው። ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይመለሳል። ነጭ የለበሱት ካህናት መቋሚያቸውን ይዘው በከበሮው ምት እኩል ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ በጫፉ ላይ ቆመው ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «ወደቁ!» ሳይል አይቀርም። በጣም ያማረው ነገር ግን እንቅስቃሴው አይመስለኝም፤ ድምፁ ከአለት ወደ አለት ሲጋጭ የሚቆየው ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ማይክሮፎን ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ መሆኑ እዚያ ላይ ይገባል።

በ2014ቱ ገና የከተማዋ የመብራት መስመር አልተጠገነም ነበር። ያም ሆኖ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምእመን መጣ። አብያተ ክርስቲያናቱም ቆመው ጠበቁት፤ የታየ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ከሐምሌው በዓለ ወልድ እስከ ታኅሣሡ በዓለ ወልድ የነበረው አምስት ወር በዚህ ተዘጋ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ጥምቀት ደግሞ ረቡዕ ዋለ። ሁለቱም የጾም ቀን ላይ ማረፋቸው ነው፤ ግን ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብን ይሽራሉ፣ ይበላባቸዋል። የሚበላ ላገኘ።

ቀሪው ዓመት በፍጥነት ይነገራል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጊዜው ሳይሞላ የተነሣው የካቲት 8፣ በነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። የካቲት 13፣ እሑድ፣ ሕዳሴ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል አመነጨ። መጋቢት 15፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ መንግሥት ለሰብዓዊ ዕርዳታ ሲል የተኩስ አቁም አደረገ። ፋሲካ በተባለው ቀን፣ ሚያዝያ 16 መጣ። ሐምሌ ላይ ዩጂን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያ አራት ወርቅ ይዛ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች፤ ከአራቱ ሦስቱን ያመጡት የትግራይ ልጆች፣ ለተሰንበት ግደይ፣ ጉዳፍ ፀጋይና ጎተይቶም ገብረሥላሴ ናቸው።

ከዚያ ነሐሴ። ፍልሰታ በ16 ይፈታል፤ በዚያው ዕለት የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው ለጨዋታ ይወጣሉ። ዋግ ሻደይ ይለዋል፣ ራያ ቆቦ ሶለል፤ ላስታ በቅጠሉ ስም አሸንድዬ ብሎ ይጠራዋል። በ2014 ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 18፣ በራያ ቆቦ በኩል ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ። ለአምስት ወር ያህል የቆየው ተኩስ አቁም በጨዋታው ሳምንት ፈረሰ። ማርቆስ ለሉቃስ ያስረከበው እንዲህ ነው።

ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ልክ በዓመቱ። የጊዮርጊስ ዕለት ነበር።