ተጨማሪ መረጃ፦ የጋፋት ጎረቤት መምህራን

ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቃ የምትገኘው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ስለ ተሠራባት ስሟ ከእሳትና ከብረት ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ደጋ ምድር ሰውን በቃልና በዜማ የሚያንጹ መምህራን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ወንበር ዘርግተው ኖረዋል። ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርቶች፣ በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆናቸው፣ ከሩቅ አገር አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣ ደቀ መዝሙር ቁራሽ እየለመነ፣ ሌሊት ዜማውን እየቀጸለ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታትን ያሳልፋል።

ከዚሁ አካባቢ የወጡት የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና አብዝተው የሚታወሱት በጨዋታ ዐዋቂነታቸው ነው፤ እጅግ ሊወሳላቸው የሚገባው ግን፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ የጣናን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ በተመስጦ አይተው የደረሱት አዲስ የአቋቋም ስልት ነው። የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን ለመቀበል ቢያመነቱም፣ አለቃ ተስፋ ሳይቆርጡ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ለብዙ ደቀ መዛሙርት ስላስፋፋው፣ መዘምራን መቋሚያቸውን ይዘው በዝግታ እየተወዛወዙ የሚያሸበሽቡበት ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል።