የድሮው ጌም በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ለምን ይደበዝዛል? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

በሰሜን ምዕራብ ቶሮንቶ፣ የጄን እና የፊንች ጎዳናዎች በሚገናኙበት አካባቢ የቆሙት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ለበርካታ ስደተኛ ቤተሰቦች የካናዳ ኑሮ መነሻ ሆነው ቆይተዋል። ጄን ኤንድ ፊንች በሚል ስም በሚታወቀው በዚህ ሰፈር ከካሪቢያን፣ ከቬትናም፣ ከላቲን አሜሪካ እንዲሁም ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ።

እአአ በ1990ዎቹ እና በ2000ዎቹ እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ላደጉ ልጆች የጌም ማጫወቻ ከመዝናኛም በላይ ነበር። ክረምቱ በሚከብድበት፣ ወላጆች በፈረቃ በሚሠሩበት ቤት፣ ወንድምና እህት፣ ጎረቤትና የክፍል ጓደኛ አንድ ሶፋ ላይ ተጠጋግተው ጆይስቲክ የሚቀባበሉበት ዕቃ ነው።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። ብዙዎቹም ያንን ማጫወቻ ከቁም ሣጥን አውጥተው ለልጆቻቸው ማሳየት ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ከአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኙት ከሦስት ነገሮች አንዱ ያጋጥማቸዋል፦ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ የለም፤ ወይም ምስሉ ደብዝዞና ተለጥጦ ይታያል፤ አለያም አዝራሩ ተጭኖ ገጸ ባሕሪው እስኪዘል ድረስ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው “ማሽኑ ሞቷል” ብሎ ይደመድማል። ዕቃው ይጣላል፤ ወይም አላስፈላጊ ገንዘብ ይወጣበታል። በአብዛኛው ግን ማሽኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው በሁለት ዘመን ቴክኖሎጂዎች መካከል ባለው አለመግባባት ላይ ነው።

የድሮው ቴሌቪዥን ምን ያደርግ ነበር?

ከጀርባው ወፈር ያለው የድሮ ቴሌቪዥን ምስልን የሚሠራው በመስታወት ቱቦ ውስጥ በሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ጨረሩ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር እየጠረገ ያበራዋል። ካናዳና አሜሪካ ይጠቀሙበት በነበረው ኤንቲኤስሲ በተሰኘው ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 525 መስመሮች ሲኖሩት፣ ለዓይን የሚታዩት 480 ያህሉ ናቸው።

ቴሌቪዥኑ እነዚህን መስመሮች በአንድ ጊዜ አያሳይም። በመጀመሪያ ጎዶሎዎቹን፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን መስመሮች እያፈራረቀ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይጠርጋል።

እንደ ኔንቲዶው ኤንኢኤስ፣ ሱፐር ኔንቲዶ፣ ሴጋ ጀነሲስ እና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያሉ ማጫወቻዎች ይህንን አሠራር በብልኃት ተጠቅመውበታል። መስመሮቹን ከማፈራረቅ ይልቅ፣ በየጥርጊያው ተመሳሳዮቹን 240 መስመሮች ደጋግመው ይልካሉ። ስለዚህ ምስሉ ሳይርገበገብ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ እየታደሰ ይቀርባል።

የጌም ሠዓሊዎችም የቴሌቪዥኑን ጉድለት ሳይቀር ለሥራቸው አውለውታል። እአአ በ1991 በወጣው ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ የሚታዩት ፏፏቴዎች በእርግጥ የተሳሉት በቀጫጭን ቋሚ ሰንበሮች ነው። የቢጫው ገመድ ብዥታ ሰንበሮቹን ስለሚያዋህዳቸው ግን ውኃው ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። በጠራ ስክሪን ላይ ሰንበሩ ይጋለጣል፤ ፏፏቴውም ውበቱን ያጣል።

አዲሱ ቴሌቪዥን ለምን ይሳሳታል?

ዘመናዊ ቴሌቪዥን የሚጠርግ ጨረር የለውም። ቁጥራቸው የማይለወጥ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት፦ በሙሉ ኤችዲ 1080 ረድፍ፣ በፎርኬ ደግሞ 2160 ረድፍ። 240 መስመር ያለው ምስል ሲደርሰው እነዚያን ሁሉ ረድፎች ለመሙላት ምስሉን ማሳደግ ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ቀላል የሂሳብ ችግር አለ። 2160 ለ240 ሲካፈል 9 ይደርሳል፤ እያንዳንዱን መስመር ዘጠኝ ጊዜ መድገም ይቻላል። 1080 ለ240 ሲካፈል ግን 4 ነጥብ 5 ነው። ግማሽ ረድፍ ስለሌለ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ቀለሞች እያቀላቀለ ያሟላል። ብዥታው የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። በርካታ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች 240 መስመር ያለውን ምስል እንደ ተፈራራቂው 480 ይቆጥሩታል። በመሆኑም የማይገናኙ ሁለት ምስሎችን አንድ ላይ ሊሰፉ ይሞክራሉ። በዚህ ሳቢያ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ዳር የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ሰንበር ያወጣል። ብልጭ ድርግም እንዲል ተደርጎ የተሠራ ጥላ ወይም ገጸ ባሕሪም ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው የቅርጽ ጉዳይ ነው። የድሮው ስክሪን ወርድና ቁመቱ 4 ለ3 ሲሆን የአሁኑ 16 ለ9 ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ወደ ጎን ሲለጥጠው ክብ ኳስ እንቁላል ይመስላል፤ ሯጩም አጭርና ወፍራም ይሆናል።

አራተኛውና ተጫዋችን ይበልጥ የሚያበሳጨው መዘግየት ነው። ምስሉን ለማሳደግ፣ ለማጥራትና ቀለሙን ለማድመቅ የሚደረገው ሥራ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በሰከንድ 60 ምስል በሚታይበት ጌም አንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በ100 ሚሊ ሰከንድ ከዘገየ ተጫዋቹ ከጨዋታው በስድስት ምስሎች ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ አይታወቅም። ከገደል ወደ ገደል ለሚዘል ግን የመኖርና የመሞት ልዩነት ነው።

እአአ በ2001 ለጌምኪዩብ የወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ ተወዳዳሪዎች እስካሁን ድረስ ከባዶቹን የድሮ ቴሌቪዥኖች ተሸክመው ወደ ውድድር የሚሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨርሶ የማይሠራም አለ። ዳክ ሀንት ለተሰኘው የዳክዬ አደን ጌም የሚያገለግለው የኔንቲዶ ሽጉጥ ጥይት አይተኩስም፤ ብርሃን ይቀበላል እንጂ። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ ያንን ብርሃን በትክክለኛው ቅጽበት ካየ ዳክዬዋ ተመታች ማለት ነው። ዘመናዊው ስክሪን ስለሚዘገይ ግን ሽጉጡ የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው።

ሁሉም ገመድ እኩል አይደለም

ከአንድ ማጫወቻ የሚወጣው ምስል እንደ ገመዱ ዓይነት በእጅጉ ይለያያል። ዝቅተኛው ጥራት ያለው በአንቴና መግቢያ በኩል የሚገባው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነው። በዚህኛው ቢጫው ምስሉን፣ ቀይና ነጩ ድምፁን ያስተላልፋሉ።

ቢጫው ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ስለሚያጭቅ ሁለቱ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ኤስ ቪዲዮ የሚባለው ገመድ እነዚህን ሁለቱን ይለያያቸዋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ጫፍ ያለው ኮምፖነንት ደግሞ ምስሉን በሦስት ሽቦ ከፋፍሎ ስለሚልክ ከሁሉም ይሻላል።

ገመድ ለጠፋበት ሰው አንድ መልካም ዜና አለ። የሱፐር ኔንቲዶ፣ የኔንቲዶ 64 እና የጌምኪዩብ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ አንድ ዓይነት ነው። የፕሌይስቴሽን 1፣ 2 እና 3 ገመድም እንዲሁ እርስ በርሱ ይተካካል።

ዛሬ የምንጠቀምበት የኤችዲኤምአይ ደረጃ ይፋ የሆነው እአአ በ2002 መጨረሻ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ጀምሮ፣ ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ከ2007 ወዲህ በወጡት ሞዴሎቹ ይህ መሰኪያ አላቸው። በ2006 የወጣው ኔንቲዶ ዊ ግን የለውም።

የእነዚህ ማሽኖች ታሪክ ለቶሮንቶ ሩቅ አይደለም። የኤክስቦክስ 360 የምስል ቺፕ የተነደፈው መቀመጫውን ከቶሮንቶ በስተሰሜን በምትገኘው ማርካም ባደረገው ኤቲአይ ኩባንያ ነው። የኤቲአይ ምልክት በጌምኪዩብ ላይም ተለጥፎ ይታያል። ኩባንያውን ኤኤምዲ በ2006 ገዝቶታል።

ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ

ዕቃውን ወደ አገር ቤት መላክ ለሚያስብ ሰው ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። ካናዳ ኤንቲኤስሲ ስትጠቀም ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለውን ሥርዓት ነው። ፓል 625 መስመሮች ሲኖሩት በሰከንድ የሚጠርገው 50 ጊዜ ነው።

ከቶሮንቶ የሄደ ማጫወቻ ፓልን ብቻ በሚያውቅ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ቀለም አልባ ሆኖ ወይም ምስሉ እየተንከባለለ ሊታይ ይችላል። በተቃራኒው ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ማሽን በሰሜን አሜሪካ በተሸጠ ቴሌቪዥን ላይ ባዶ ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ዲስኩም ቢሆን ለአንድ አህጉር ተቆልፎ የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

ለፓል አገሮች ከተዘጋጁት የድሮ ጌሞች አንዳንዶቹ ሳይስተካከሉ ስለወጡ ከዋናው ፍጥነታቸው አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎድላቸዋል። ሙዚቃውም ሩጫውም ይንቀራፈፋል።

ከሁሉም በላይ ግን ኤሌክትሪኩ ያሳስባል። የካናዳ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አስማሚ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ማሽኑንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በአስማሚው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። “ከ100 እስከ 240 ቮልት” የሚል ከሆነ የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ ይበቃዋል። ካልሆነ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር የግድ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ምንም ወጪ የላቸውም።

በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ “ጌም ሞድ” የሚለውን ማብራት አብዛኛውን የማሳመር ሥራ ስለሚያስቆም መዘግየቱን ይቀንሳል። የምስሉን ቅርጽ ወደ 4 ለ3 መመለስም ልጠጣውን ያስቀራል። በግራና ቀኝ የሚቀሩት ጥቁር ቦታዎች ብልሽት አይደሉም።

ቢጫ መሰኪያ ያጡ ሰዎች ደግሞ አረንጓዴውን ልብ ብለው ይመልከቱ። በበርካታ ቴሌቪዥኖች የኮምፖነንቱ አረንጓዴ መግቢያ ለቢጫውም ያገለግላል። በሌሎቹ ላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሚመስል ትንሽ ቀዳዳ ይኖራል፤ ለእሱ የተሠራ አጭር ገመድም አለ።

ቀጣዩ እርምጃ የተሻለ ገመድ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ወይም ዊ ያለው ሰው ቴሌቪዥኑ ኮምፖነንት ከተቀበለለት ለውጡን ወዲያው ያየዋል። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ግን አስቀድሞ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የምስል አወጣጡን ወደ ኮምፖነንት መቀየር ያስፈልጋል።

መሰኪያው ጨርሶ ከሌለ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ትንንሽ ሣጥኖች ይሸጣሉ። ርካሾቹ ሥራውን ይሠራሉ፤ ነገር ግን በርካቶቹ ከላይ የተጠቀሱትን ስህተቶች ሁሉ ይደግማሉ። ለድሮ ጌም ተብለው የተሠሩት እንደ ኦኤስኤስሲ እና ሬትሮቲንክ ያሉት ግን 240ውን መስመር በትክክል አውቀው፣ መዘግየት ሳይጨምሩ ያባዙታል። ዋጋቸው ሰፊ ልዩነት አለው። በ2023 የወጣው ሬትሮቲንክ ፎርኬ ለገበያ የቀረበው በ750 የአሜሪካ ዶላር ነበር። አንድ ማጫወቻ ብቻ ላለው ቤተሰብ ይህ ወጪ አያስፈልግም።

ማሽኑን ሳይሆን ጌሙን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ኔንቲዶ በ2016 እና በ2017 በኤችዲኤምአይ የሚሠሩ ትንንሽ ማጫወቻዎችን አውጥቷል። የመጀመሪያው 30፣ ሁለተኛው 21 ጌሞችን ይዘዋል።

የድሮውን ቴሌቪዥን ራሱን ማግኘትም ይቻላል። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ወይም በሕንፃው የቆሻሻ ክፍል ተጥሎ ይገኛል። ሆኖም ከባድ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ቮልት ሊቆይ ስለሚችል ባለሙያ ያልሆነ ሰው ፈጽሞ ሊከፍተው አይገባም። መስታወቱም እርሳስ ስላለበት ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። የቶሮንቶ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ለብቻ ይሰበስባል።

የማይተካው ነገር

ማሽኑ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ገመዱም ይገኛል። በካሴቱ ውስጥ የተቀመጠው ግን አይገዛም።

በርካታ የኤንኢኤስ፣ የሱፐር ኔንቲዶ እና የጀነሲስ ካሴቶች የተጫዋቹን ስምና የደረሰበትን ደረጃ የሚያስታውሱት በውስጣቸው ባለች የሳንቲም መጠን ባላት ባትሪ ነው። የእነዚያ ባትሪዎች ዕድሜ አሁን 30 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ታላቅ ወንድም በልጅነቱ የጻፈው ስም፣ እህት በክረምት ዕረፍት የደረሰችበት ደረጃ አብሮ ይጠፋል። እንደነገሩ በሚደረግ የባትሪ ቅያሬም ይሰረዛል።

መፍትሔው የካሴቱን ትውስታ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ማንበቢያ መጠቀም ነው። ባትሪዋ ከተቀየረች በኋላ የተገለበጠው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የሚቻለው ግን ባትሪዋ በሕይወት ሳለች ብቻ ነው። ስለዚህ ካሴቶቹን ከቁም ሣጥን የሚያወጣ ሰው ስለ ምስሉ ጥራት ከመጨነቁ በፊት አስቀድሞ ማየት ያለበት በውስጣቸው የማን ስም እንዳለ ነው።